ሳምንት በሸራ ጀልባ፦ ከአቴንስ እስከ ሃይድራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ

ግሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሳንቶሪኒ ነው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች ባሕር። በሸራ ጀልባ የመሄድ ሐሳብ የመጣለት ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ በአንድ ሳምንት ይዳረሳሉ?" ብሎ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደዚያ አትሂዱ። አቴንስ አጠገብ ያለውን የሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ምረጡ።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። በበጋቸው፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ በኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ደምቃ፣ ነፋሱ ግን ለቀናት አይበርድም። ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ያሉበት የሲክላዲስ ደሴቶች አካባቢ ነፋሱ በቦፎርት (የነፋስ ኃይል ከ0 እስከ 12 በሚለካበት) መለኪያ 6 እና 7 መድረሱ የተለመደ ነው። አንዳንዴ 8 ይገባል። በዚያ ላይ ደሴቶቹ የተራራቁ ናቸው። ልምድ ያለው መርከበኛ ይደሰትበታል። ባሕር ላይ አድሮ የማያውቅ ሰው ግን ወይ ወደብ ውስጥ ታግቶ ይሰነብታል፣ ወይ መንገዱን ሁሉ እያስመለሰው ይሄዳል።

ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ አቴንስ አፍንጫ ሥር ነው። በአንድ በኩል አቴንስ ያለችበት የአቲካ ምድር፣ በሌላ በኩል የደቡብ ግሪክ ምድር ፔሎፖኔዝ አቅፈውታል። ነፋሱ እዚህም ይደርሳል፤ ማዕበሉ ግን የሚያድግበት ሰፊ ቦታ የለውም። ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው። አየሩ ቢከፋ የምትጠለሉበት ባሕር ዳርቻ ሩቅ አይሆንም። ደሴቶቹና የወደብ ከተሞቹ፣ ኤጊና፣ ፖሮስ፣ ሃይድራ፣ ኤርሚዮኒ፣ ኤፒዳውሮስ፣ ስፔትሴስ፤ ሁሉም እዚሁ ናቸው።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ባሕርን ያወቅኩት አውሮፓ ከገባሁ ወዲህ ነው። አብረውኝ የሄዱት ጓደኞቼም እንደዚሁ ናቸው፤ ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርትና ከለንደን የተሰባሰብን ሐበሾች ነን። ግማሾቻችን ዋና በደንብ አንችልም። ስለዚህ የምጽፈው መርከበኛ ለሆነ ሰው አይደለም። እንደ እኛ ላለ ሰው ነው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን በእነሱ።

የሄድነው እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን ነው። መስከረም ለዚህ ጉዞ ከሁሉም የተሻለ ወር ይመስለኛል። ባሕሩ በጋቸውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ለዋና ደስ ይላል። ሜልቴሚ መዳከም ይጀምራል። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ስለተከፈቱ ወደቦቹ ይቀላሉ፣ የጀልባ ኪራይም ከነሐሴ ይረክሳል። በተለይ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 15 አካባቢ አትሂዱ። የግሪኮች የእመቤታችን በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ወደ ደሴት ይወጣል። ማሰሪያ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው የሸራ ጀልባ ሲባል የሀብታም ጨዋታ አድርጎ ያስበዋል። ብቻህን ብትከራይ እውነት ነው። ለስምንት ስትካፈለው ግን ሌላ ሒሳብ ይሆናል። አራት መኝታ ክፍል ያለው፣ ከ13 እስከ 14 ሜትር የሚረዝም ጀልባ በመስከረም ከ2,500 እስከ 4,000 ዩሮ ለሳምንት ይገኛል። ዋጋው በጀልባው ዕድሜ በጣም ይለያያል። ካፒቴን ከቀጠራችሁ በቀን 200 ዩሮ አካባቢ ይጨመራል፤ ምግቡም የእናንተ ነው፣ አንድ መኝታ ክፍልም ይወስዳል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ስምንት ሆናችሁ አራት ክፍል ያለው ጀልባ ከተከራያችሁ ካፒቴኑ የት ሊተኛ ነው? ወይ ሰው ቀንሱ፣ ወይ አምስት ክፍል ያለው ፈልጉ።

በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የማይጻፍ ወጪም አለ። የመጨረሻ ጽዳት፣ አንሶላና ፎጣ፣ ወደ ዳርቻ የምታደርሰው የትንሿ ተጎታች ጀልባ ሞተር፣ ነዳጅ፣ የወደብ ክፍያ። የትናንሽ ከተሞች ወደብ ክፍያ ብዙ አይደለም። ማስያዣው ግን ከበድ ይላል፤ 2,000 ወይም 3,000 ዩሮ በካርድ ላይ ሊያግዱ ይችላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት "ማስያዣው ስንት ነው? ኢንሹራንስ ገብቼ ማሳነስ እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ኢንሹራንሱን ገባን። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ በነካን ቁጥር ከመደንገጥ ገላገለን።

ስለ ካፒቴን አንድ ነገር ልጨምር። በግሪክ ሕግ ያለ ካፒቴን ጀልባ ለመከራየት ከመካከላችሁ አንዱ የታወቀ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ልምድ ያለው ሁለተኛ ሰውም ይጠየቃል። ፈቃድ ያለው ጓደኛ ካላችሁ እንኳ ለመጀመሪያው ጊዜ ካፒቴን ቅጠሩ እላለሁ። የምትከፍሉት መሪ ለሚይዝ ሰው ብቻ አይደለም። የትኛው ወደብ በየትኛው ነፋስ እንደሚከፋ፣ የትኛው ጥግ መልህቅ እንደማይዝ፣ የትኛው ምግብ ቤት ፊት ለፊት ማሰር እንደሚፈቀድ ለሚያውቅ ሰው ነው። የእኛው ካፒቴን በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቡናው በፊት የሚያየው የነፋሱን ትንበያ ነው። "እቅዱ የነፋሱ ነው" ይለን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ተመራን።

ጀልባ ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። የምትረከቡት ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ የምትመልሱት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ግን ዓርብ ማታ ወደ መነሻው ወደብ መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሳምንት ሲባል በተግባር ከእሑድ ጠዋት እስከ ዓርብ ማታ ማለት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ እቅዳችሁ ይበላሻል።

የሳሮኒክ ጀልባዎች በብዛት የሚነሱት ከአሊሞስ ማሪና ነው። ካላማኪም ይሉታል። ከአቴንስ መሃል በትራም ይደረሳል። ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። ጠንካራ ሻንጣ ጀልባ ላይ የሚቀመጥበት የለውም። የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይሻላል። ልብስም አታብዙ። የነፋስ ጃኬት፣ ቆብ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ሶሉ ነጭ የሆነ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለሌሊት የግንባር መብራት። ከዚህ ሌላ ብዙ አያስፈልግም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱፐርማርኬት ለመሄድ ሰው ተከፋፈሉ። ሁለት ሰው ጀልባውን ከካፒቴኑ ጋር ይረከብ፣ ሌላው ይሸምት። ለውሃ አትሰስቱ። የጀልባው ታንከር ውሃ ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። መዋጮውን አንድ ሰው ይያዝ። እኛ መጀመሪያ ላይ እኩል አዋጣን፤ አንዷ ጓደኛችን ያዘችው፣ ሲያልቅ ትጠይቀናለች። በየምግብ ቤቱ ሒሳብ መከፋፈል የለም፣ ንትርክ የለም።

ምግብን በተመለከተ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ አገር በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ ቋንጣና ቅቤ አትያዙ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ድርቆሽ ደግሞ ለጀልባ የተፈጠረ ምግብ ነው ብል አላጋነንኩም። ቦታ አይዝም፣ አይበላሽም፣ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ቡናም ይዘን ነበር፤ ተቆልቶ የተፈጨ። ጀበናውን በጋዝ ምድጃው ላይ ጣድነው፤ ግን ወደብ ውስጥ ታስረን ብቻ። ከሰልና ዕጣን ጀልባ ላይ በፍጹም አይሞከርም። ጋዝና ነዳጅ ባለበት ጠባብ ቦታ እሳት ቀልድ አይደለም።

እሑድ ጠዋት ወደ ኤጊና ተነሳን። ከአሊሞስ 16 ወይም 17 የባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ጀልባው በሰዓት አምስት ስድስት የባሕር ማይል ስለሚሄድ ሦስት ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። ከወደቡ ስንወጣ በሞተር ነበር። ከዚያ ሸራው ተዘረጋ፣ ሞተሩ ጠፋ። ያ ቅጽበት ግርም ይላል። ጩኸቱ ይቆምና ውሃው ብቻ ይሰማል። ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አንዳንዶቻችን "ሊገለበጥ ነው" ብለን ጨበጥ ጨበጥ አደረግን። አይገለበጥም። ከሥሩ ከብዙ ኩንታል በላይ የሚመዝን ብረት አለው፤ ማዘንበል ሥራው ነው። ይህን ለጓዶቻችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩ። የማያውቅ ሰው ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ ሆዱ ይታወካል።

ስለ ማቅለሽለሽ ከተነሳ፣ ዋናው መፍትሔ ውጭ መቀመጥና አድማሱን ማየት ነው። ታች መኝታ ክፍል ገብቶ መተኛት ወይም ስልክ ማየት ያባብሰዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ከተወሰደ ነው፤ ከጀመራችሁ በኋላ ብትውጡት ብዙም አይረዳም። ለእናንተ የሚስማማውን ፋርማሲስት ጠይቁ። ዝንጅብል ሻይ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቀላል ቁርስ። የባሰበትን ሰው መሪ አስይዙት። ይህ ከካፒቴኑ የተማርነው ነው። ዓይኑ ሩቅ ያያል፣ ሐሳቡ ሥራ ላይ ይሆናል። ሲያማት የነበረች ጓደኛችን መሪ ይዛ ኤጊና ድረስ አደረሰችን።

ኤጊና ወደብ መግቢያ ላይ ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ። የመርከበኞች ጠባቂ የሚባለው የቅዱስ ኒኮላስ ነው። ደሴቷ በፒስታሽዮ የታወቀች ናት። መስከረም አዝመራው የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ በወደቡ ዳር የዘንድሮውን ይሸጣሉ። ግዙ፤ ለመንገድ ይሆናል። ግሪኮች በኦቶማን ቱርክ ላይ ከተነሱበት ከ1821ዱ አብዮት በኋላ፣ አቴንስ ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት፣ ነጻይቱ ግሪክ የተመራችው ለጥቂት ጊዜ ከዚህች ትንሽ ወደብ ነበር።

ከወደቡ ወደ አጊያ ማሪና የሚሄደው አውቶቡስ ሁለት ቦታ ያሳያችኋል። አንደኛው አፋያ የምትባል የጥንት ግሪኮች ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 አካባቢ የተሠራ፣ ዓምዶቹ አሁንም የቆሙ። ሁለተኛው የቅዱስ ነክታርዮስ ገዳም ነው። ቅዱሱ በ1920 ያረፉ የቅርብ ዘመን ሰው ናቸው። ቀድሞ በእስክንድርያ የግሪክ መንበር ሥር የጰንጠጶሊስ ጳጳስ ሆነው ግብፅ አገልግለዋል። በኋላ ኤጊና መጥተው የሴቶች ገዳም አቋቋሙ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእነሱ ጋር በቁርባን አንድ ባትሆንም፣ ነጠላ ያደረገች ጓደኛችንን ሲያዩ መነኮሳይያቱ በፈገግታ አስገቧት። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ።

ሰኞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሮጌው ኤፒዳውሮስ ሄድን። በመንገድ ላይ ሞኒ የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት ጋ መልህቅ ጥለን ዋኘን። ጣዎሶች በዳርቻው ላይ ይንጎራደዳሉ። ዋና የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬት አድርጎ ገመድ ይዞ ይግባ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ካፒቴኑ ማን እንደማይዋኝ በመጀመሪያው ቀን ጠይቆ አውቆ ነበር። እሱ ባይጠይቅም እናንተ ንገሩት።

ከኤፒዳውሮስ ወደብ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ጥንታዊው ቴአትር ሂዱ። ሩቅ አይደለም። ከሳምንቱ ሁሉ እኔን በጣም የነካኝ ይህ ቦታ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ነው። 55 ረድፍ መቀመጫ አለው፤ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። መሃል ቆሞ አንድ ሰው ሲናገር ላይኛው ረድፍ ይሰማል። ሰው ሁሉ ቴአትሩን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከጎኑ ያለውን የጥንት ግሪኮች የፈውስ አምላክ የአስክሌጲዮስን መቅደስ ግን አትለፉት። ሕሙማን ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ይተኙ ነበር፤ አምላኩ በሕልም ይፈውሰናል ብለው። ጠበል ቦታ ሰንብቶ የሚያውቅ ሰው ያንን የመኝታ አዳራሽ ፍርስራሽ ሲያይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሕመምተኛው፣ አስታማሚው፣ ተስፋው፣ ሁሉም ወዲያው ይታየዋል።

ማክሰኞ ሜታናን ዞረን ፖሮስ ገባን። ሜታና እሳተ ገሞራ የፈጠራት ልሳነ ምድር ናት። ድንጋዩ ጥቁርና ቀይ ነው፤ ከተማዋ አጠገብ የድኝ ሽታ ይመጣል። ፖሮስ ደግሞ ከዋናው ምድር የሚለያት ጠባብ ወሽመጥ ነው። ከፊት ለፊቷ ጋላታስ የምትባል ከተማ አለች፤ በትንሽ ጀልባ በደቂቃዎች ይሻገራሉ። ወደዚያ ወሽመጥ በሸራ ጀልባ መግባት የራሱ ደስታ አለው። ቤቶቹ ከግራም ከቀኝም ይቀርቧችኋል። ኮረብታው ላይ በ1927 የተሠራ የሰዓት ማማ አለ፤ ወጥታችሁ ወሽመጡን ከላይ እዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም ወደብ ምቹው ፖሮስ ነው። ማሰሪያው ረጅም ነው፣ ሱቅ አለ፣ ውሃና መብራት ይገኛል።

እዚህ ስለ ማሰር በደንብ ልንገራችሁ፤ የጉዞው ከባድ ሰዓት እሱ ነውና። በሜዲትራኒያን ወደቦች ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ አይታሰርም። በጀርባው ነው የሚገባው። ከወደቡ ግንብ ራቅ ብላችሁ ከፊት በኩል መልህቅ ትጥላላችሁ። ከዚያ ሰንሰለቱን እየለቀቃችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ሲቃረብ ከኋላ ሁለት ገመድ ወደ ግንቡ ይወረወራል። መልህቁ ከፊት ይይዛል፣ ገመዶቹ ከኋላ። ሲነገር ቀላል ነው። ነፋስ ከጎን ሲመታችሁ፣ ግራና ቀኝ የሰው ጀልባ ታስሮ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያችሁ ግን ያስጨንቃል።

ስለዚህ ወደቡ ከመድረሳችሁ በፊት ሥራ ተከፋፈሉ። አንድ ሰው መልህቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ከኋላ ገመድ ላይ፣ አንድ ሰው ደግሞ በጎን የሚንጠለጠለውን የአየር ትራስ ይዞ። ሌላው ይቀመጥ፤ ዝም ይበል። የሚናገረው ካፒቴኑ ብቻ ነው። በጀልባውና በግንቡ መካከል እጅ ወይም እግር በጭራሽ አታስገቡ። አሥር ቶን የሚመዝን ነገር በእጅ አይገፋም፤ ጣት ይቆርጣል። ጀልባው ይፋቅ፤ ለዚያ ኢንሹራንስ አለ።

ዋናው መላ ግን ቀድሞ መድረስ ነው። ጠዋት ባሕሩ ረጋ ያለ ነው፤ ነፋሱ ቀትር ላይ ይጠነክራል። ወደቦቹ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ መሙላት ይጀምራሉ። ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ፣ መንገድ ላይ ዋኝታችሁ ምሳ በልታችሁ እንኳ 8 ሰዓት ላይ ትገባላችሁ። ቦታ ትመርጣላችሁ። በረጋ ነፋስ ታስራላችሁ። ከሰዓቱ በሙሉ ለከተማው ይተርፋል። መንገዱ አጭር ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ረጅም መንገድ ያቀደ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ፣ ደክሞ፣ በከባዱ ነፋስ ነው የሚገባው።

ረቡዕ ተራው የሃይድራ ነበር። ሃይድራ ታምራለች፤ ምንም አያከራክርም። መኪናና ሞተር ሳይክል አይፈቀድም። ዕቃ የሚጫነው በበቅሎና በአህያ ነው። በኮብልስቶኑ ላይ የኮቴ ድምፅ ስሰማ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ወደቡን የከበቡት ትላልቅ የድንጋይ ቤቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ በባሕር ንግድ የበለጸጉ ካፒቴኖች የሠሯቸው ናቸው። በ1821ዱ የነጻነት ጦርነት እነዚሁ ነጋዴዎች መርከቦቻቸውን ወደ ጦር መርከብ ቀየሩ። የባሕር ኃይሉ መሪ አንድሬያስ ሚያውሊስም የሃይድራ ሰው ነበር።

ወደቧ ግን በጣም ትንሽ ነው። ጀልባዎች አንዱ ከአንዱ ፊት ሁለት ሦስት ረድፍ ይደረደራሉ። መልህቆቹ ከሥር ይጠላለፋሉ። ጠዋት አንዱ መውጣት ሲፈልግ የሌላውን መልህቅ አብሮ ይነቅላል፤ ጩኸቱ ይቀልጣል። ካፒቴናችን "እዚያ አላስርም" አለ፤ ልክ ነበር። ኤርሚዮኒ አሰርንና በተሳፋሪ ፈጣን ጀልባ ተሻገርን። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ጭንቀት ሳይኖርብን ሃይድራን ሙሉ ከሰዓት ዞርናት። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኤርሚዮኒን ራሷን አትናቁ። ቱሪስት ብዙ አይጮህባትም። ከተማዋ በቀጭን ልሳነ ምድር ላይ ስለተሠራች በሁለት በኩል ባሕር አላት፤ ነፋሱ በአንዱ ቢመጣ በሌላው ታስራላችሁ። ጫፏ ላይ የጥድ ደን አለ። ማታ እዚያ በእግር ዞር ማለት ደስ ይላል።

ረቡዕ ስለነበር ጾመኞቻችን ምን እንደሚበሉ ተጨንቀው ነበር። አያስጨንቅም። ግሪኮችም ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉና የጾም ምግብ ያውቃሉ። "ኒስቲሲማ" ብላችሁ ጠይቁ። በዘይት የተሠራ ፎሶሊያ፣ ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም፣ ከአተር ክክ የሚሠራ ፋቫ፣ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል በሎሚ። ፋቫው ከእኛው ክክ ወጥ ብዙ አይርቅም። ግን ልብ በሉ። ለእነሱ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ የጾም ነው። "ጾም ነው" ስላሏችሁ ብቻ አትዘዙ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። ካልሆነ ደግሞ ሰርዲን ጥብስና የግሪክ ሰላጣ ለፍስኩ ሰው በየትኛውም ወደብ አያሳፍርም።

ስፔትሴስን አላየንም። አንዳንዶቻችን ቅር ብሎን ነበር። ከኤርሚዮኒ ቅርብ ናት፤ የነጻነት ጦርነቷ ጀግና የላስካሪና ቡቡሊና አገር ናት። ግን በአንድ ሳምንት ኤፒዳውሮስንና ስፔትሴስን ሁለቱንም ካላየሁ ማለት ሳምንቱን ሩጫ ማድረግ ነው። አንዱን ምረጡ። ታሪክ የሚወድ ሰው ኤፒዳውሮስን፣ የወደብ ከተማና የመርከብ ሥራ የሚወድ ስፔትሴስን።

ሌላው ምክንያት መመለሻው ነው። ወደ ደቡብ ስትሄዱ የሰሜኑ ነፋስ ከኋላ ይገፋችኋል። ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ስትመለሱ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ነው። ሸራ ጀልባ ነፋስ ላይ በቀጥታ መሄድ አይችልም፤ ዚግዛግ እያለ ነው የሚሄደው፣ መንገዱ ይረዝማል። ወይ ሞተር አስነስታችሁ ማዕበሉን እየሰበራችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ከሩቁ ነጥብ ማለፍ የለባችሁም። ከሐሙስ ጀምሮ ፊታችሁ ወደ አቴንስ ይዙር። እኛ ሐሙስ ፖሮስ ተመልሰን አደርን።

ስለ ሽንት ቤት ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ጉዞ የሚያበላሸው እሱ ነው። የጀልባ ሽንት ቤት ቧንቧው ቀጭን ነው። ከሆዳችሁ ያልወጣ ነገር አይገባበትም፤ ወረቀት እንኳ። ለወረቀቱ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ይዘጋጃል። ከተደፈነ መፍታቱ አስቀያሚ ነው፣ ብዙ ጊዜም በእናንተ ኪስ ነው። ውሃም ይቆጠባል። ከዋና በኋላ ከጀልባው ጀርባ ባለው ሻወር ፈጠን ብሎ መለቅለቅ፤ ፀጉር ተሳሙኖ መታጠብ ወደብ ውስጥ፣ ታንከሩ በሚሞላበት ቀን። ረጅም ፀጉር ያላችሁ እህቶች ሹሩባ ተሠርታችሁ ሂዱ። ጨዉንም ነፋሱንም ይችለዋል።

ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ሞተር ሲሠራ ወይም ወደብ ላይ መብራት ሲገኝ ነው። ፓወር ባንክ ያዙ። ለአደጋ ጊዜ ሁለት ነገር ሁሉም ሰው ይወቅ፦ የጀልባው ሬዲዮ ቻናል 16 የጭንቅ ጥሪ ነው፣ ከስልክ ደግሞ 112 ይሠራል፤ የግሪክ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በ108 ይገኛል። ካፒቴኑ ራሱ ቢታመምስ? ሬዲዮውን እንዴት እንደሚከፍቱ፣ ሞተሩን እንዴት እንደሚያስነሱ ቢያንስ ሁለት ሰው እሑድ ጠዋት ይማር።

ዓርብ ከፖሮስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። እስከ አሊሞስ 28 የባሕር ማይል ያህል አለ፤ በፊት ለፊት ነፋስ ስድስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ነዳጅ ሞልቶ መመለስ ግዴታ ነው። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ጀልባ አንድ ላይ ስለሚመለስ ነዳጅ ወረፋው ይረዝማል። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ቶሎ ይገላገላል። ከገባችሁ በኋላ የተከራያችሁበት ድርጅት ጀልባውን ያያል፤ ጠላቂ ልኮ ከሥሩም ሊፈትሽ ይችላል። የተበላሸ ነገር ካለ እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ። ስትረከቡ ያነሳችሁትን ፎቶም አሳዩ። ቅዳሜ ሲረከቡ እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ ማንሳት የሚጠቅመው ለዚህ ሰዓት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከጀልባው ትወጣላችሁ። በረራችሁን ግን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት አታድርጉት፤ ከተቻለም አንድ ሌሊት አቴንስ እደሩ። መሬቱ ለጥቂት ሰዓት ከሥራችሁ ይወዛወዛል። አቴንስ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። የእኛ ጓዶች ቦርሳቸውን ሆቴል ጥለው ቀጥታ ወደዚያ ነው የሄዱት። ለካፒቴኑ ጉርሻ እንሰጣለን ብለን ለብቻ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ሰጥተነው፣ ለምሳም ጋብዘነው አብሮን መጣ። እንጀራውን በቀኝ እጁ እንዴት እንደሚቆርስ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስናስተምረው፣ ያላየናትን ስፔትሴስ ልናይ ለሌላ መስከረም ቀጠሮ ያዝን።